ሄንድራ ሴቲያዋንና የጥንድ ባድሚንተን ተጫዋች ሕይወት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ኦሊምፒክ በመጣ ቁጥር አትሌቲክሱ እስኪጀመር ቴሌቪዥን ከፍቶ የሚጠብቅ ሰው አንድ ቀን ባድሚንተን ላይ መውደቁ አይቀርም። አራት ሰዎች በጠባብ ሜዳ ላይ ሲራወጡ፣ የላባው ኳስ ዓይን እስኪያጣው ሲፈጥን ያያል፤ ከዚያ ጥያቄው ይከተላል። ሁለቱን ማን አጣመራቸው? ሲጣሉስ ምን ይሆናል? በዚህ መተዳደር ይቻላል?

እነዚህን ጥያቄዎች በደፈናው መመለስ ይቻላል፤ መልሱ ግን የሚጨበጥ አይሆንም። ስለዚህ የአንድን ሰው ጉዞ መርጫለሁ። ሄንድራ ሴቲያዋን ከሃያ ዓመት በላይ በጥንድ ተጫውቷል፤ በዚህ ሥራ ላይ ሊደርስ የሚችል ደስታና መከራም አብዛኛው ደርሶበታል። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሄንድራ ሴቲያዋን ማን ነው?

ኦገስት 25 ቀን 1984 በኢንዶኔዥያ፣ ማዕከላዊ ጃቫ ውስጥ ባለችው ፔማላንግ ከተማ ተወለደ። በ2008 የቤጂንግ ኦሊምፒክ ወርቅ አገኘ። አራት ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን (2007፣ 2013፣ 2015 እና 2019)፣ ሁለት ጊዜ የእስያ ጨዋታዎች ባለወርቅ (2010 እና 2014)፣ ሁለት ጊዜም በእንግሊዝ የሚካሄደው ታዋቂ ውድድር፣ የኦል ኢንግላንድ አሸናፊ (2014 እና 2019) ሆኗል። በጃንዋሪ 2025 በ40 ዓመቱ ጃካርታ ላይ ተሰናበተ።

ከእነዚህ ድሎች አንዱንም ብቻውን አላገኘም። የ2007፣ የ2008 እና የ2010ሩ የእሱና የማርኪስ ኪዶ ናቸው፤ የቀሩት ደግሞ የእሱና የሞሐመድ አህሳን። ለእኔ የሰውየው ታሪክ ዋናው ነገር ይህ ነው። ባሕርያቸው የማይገናኝ ሁለት ሰዎችን ይዞ ሁለት ጊዜ ወደ ዓለም ቁንጮ ወጥቷል። አንድ ጊዜ ቢሆን ዕድል ነው ይባል ነበር።

የጥንድ ጨዋታ ከነጠላው በምን ይለያል?

ሜዳው ርዝመቱ 13.40 ሜትር ነው። ለነጠላ ስፋቱ 5.18 ሜትር ሲሆን ለጥንድ 6.10 ሜትር ይሆናል። ሰዎቹ በእጥፍ ሲጨምሩ ሜዳው አንድ ሜትር እንኳ አልሰፋም ማለት ነው። ስለዚህ የነጠላ ተጫዋች ተቃዋሚውን በማስሮጥ ሊያደክመው ሲሞክር፣ በጥንድ ግን ባዶ ቦታ በቀላሉ አይገኝም፤ ክፍተቱ ተፈልፍሎ መውጣት አለበት። ኳሱ ዝቅ ብሎ፣ ፈጥኖ፣ ብዙ ጊዜም በቀጥታ ወደ ሰው ደረት ይመታል።

ሲያጠቁ አንዱ ከፊት ሌላው ከኋላ ይሆናል፤ ሲከላከሉ ጎን ለጎን ይቆማሉ። ከአንዱ አቋም ወደ ሌላው የሚዞሩት በአንድ ምት ጊዜ ውስጥ ነው። ለመነጋገር ፋታ የለም። ሁለት ጎበዝ የነጠላ ተጫዋቾች ተጣምረው በመካከለኛ ጥንድ የሚሸነፉት ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው።

ነጥቡስ እንዴት ይቆጠራል?

ከ2006 ጀምሮ ጌሙ እስከ 21 ነው፤ ሰርቭ (ኳሱን የሚያስጀምረውን ምት) ያደረገው ማንም ይሁን ምልልሱን ያሸነፈ ነጥቡን ይወስዳል። 20 እኩል ከሆኑ በሁለት ነጥብ መብለጥ ያስፈልጋል፤ 29 እኩል ከደረሱ 30ኛውን ያገኘ ያሸንፋል። ከሦስት ጌም ሁለቱን የወሰደ ግጥሚያውን ይወስዳል።

ከመረቡ አጠገብ የሚቆመው ተጫዋች ዝም ብሎ የቆመ ይመስላል፤ ሥራው ምንድን ነው?

ይህን ጥያቄ እወደዋለሁ፤ ሄንድራን ያላስተዋሉ ሰዎች ሁሉ የሚጠይቁት ነውና።

ከሰርቩ እንጀምር። በጥንድ ጨዋታ ሰርቭ የሚያደርግ ሰው ከቴኒሱ በተቃራኒ ችግር ላይ ያለ ሰው ነው። ከ2018 ወዲህ በሥራ ላይ ባለው ሕግ ኳሱ ሲመታ ከመሬት ከ1.15 ሜትር በታች መሆን አለበት፤ መረቡ ደግሞ መሐሉ ላይ 1.524 ሜትር ነው። ኳሱ ሽቅብ መሄድ ግድ አለበት። ከመረቡ ጫፍ አንድ ስንዝር ከፍ ካለ፣ ራኬቱን አንሥቶ መስመሩ ላይ ተጠግቶ የሚጠብቀው ተቃዋሚ ቁልቁል ያወርደዋል። ከመረቡ 1.98 ሜትር ርቆ ካለው መስመር ካጠረ ደግሞ ነጥቡ ጠፋ። ሄንድራ ይህን ሰርቭ በራኬቱ ጀርባ፣ ኳሱን በሁለት ጣት ላባው ላይ ይዞ፣ ክንዱን ጥቂት ብቻ ነቅንቆ ይልከዋል። ኳሱ መረቡን ሊነካ ምንም ሳይቀረው ያልፋል።

ሁለተኛው ሥራው ሰርቭ መቀበል ነው። እዚህ ላይ ጉልበት አይጠቀምም። ፊት ያለው ተቃዋሚ ሊደርስበት የማይችለውን፣ ኋላ ያለው ደግሞ ጎንበስ ብሎ ካልሆነ የማያገኘውን ቦታ፣ ከሁለቱ መካከል ከጎን መስመሩ አጠገብ ያለውን ይመርጣል። ኳሱን ወደዚያ ይገፋዋል። ኋላ ያለው ሰው ዘግይቶ ሲደርስ ኳሱ ከጉልበቱ በታች ሆኗል፤ ከዚያ ወደ ላይ ከማንሣት በቀር ምርጫ የለውም። የተነሣውን ኳስ አህሳን ከኋላ ዘልሎ ይደልቀዋል። አዳራሹ ያጨበጭባል፤ ጭብጨባው የአህሳን ነው። ነጥቡ የተሠራው ግን ሁለት ምት ቀደም ብሎ ነበር።

ይህን ሁሉ ሲያደርግ ፊቱ ላይ ምንም አይነበብም። ሲያሸንፍም ሲሸነፍም ያው ነው። በተለይ የመጨረሻዎቹ ነጥቦች ላይ ፊቱን ዓይቶ ምን እንዳሰበ የሚያውቅ ተቃዋሚ አልነበረም።

አንድ ልጅ የጥንድ ተጫዋች የሚሆነው እንዴት ነው?

በኢንዶኔዥያ መንገዱ በክለብ በኩል ነው። ትልልቅ ኩባንያዎች የሚደግፏቸው ክለቦች ልጆችን መልምለው ያሠለጥናሉ። ሄንድራና ኪዶ የጃካርታው የጃያ ራያ ክለብ ልጆች ናቸው፤ አህሳን የተነሣው ከጃሩም ክለብ ነው። ጎበዞቹ ከክለቡ ወደ ብሔራዊ ማሠልጠኛው፣ ጃካርታ ውስጥ ወዳለው ቺፓዩንግ ይገባሉ። እዚያ ነጠላና ጥንድ የየራሳቸው አሠልጣኝ አላቸው፤ ወጣቱም በአንዱ ዘርፍ ይመደባል። ሩጫው ያነሰ፣ እጁ ግን የፈጠነ ልጅ ወደ ጥንድ ቢላክ እንደ መገፋት መቁጠር አይገባውም፤ ኢንዶኔዥያ በኦሊምፒክ ብዙ ጊዜ የምትኮራው በእነዚህ ልጆች ነው። በ1996 ሬክሲ ማይናኪና ሪኪ ሱባግጃ፣ በ2000 ቶኒ ጉናዋንና ቻንድራ ዊጃያ፣ በ2008 ኪዶና ሄንድራ በወንዶች ጥንድ ወርቅ አምጥተዋል።

ከማርኪስ ኪዶ ጋር የነበረው ጊዜ ምን ይመስል ነበር?

ኪዶ ኦገስት 11 ቀን 1984 ጃካርታ ተወለደ፤ ከሄንድራ የሚበልጠው በሁለት ሳምንት ነው። ቁመቱ አጠር ያለ ሆኖ ከኋላ ሆኖ የሚያጠቃው እሱ ነበር፤ ረጅሙ ሄንድራ ከፊት ይቆማል። ኪዶ ስሜቱ ፊቱ ላይ የሚታይ፣ ሲዘል መሬቱን የረሳ የሚመስል ተጫዋች ነበር።

በ2007 ኳላ ላምፑር ላይ ኮሪያውያኑን ጁንግ ጄ ሱንግንና ሊ ዮንግ ዴን ሁለቱንም ጌም 21 ለ19 አሸንፈው የዓለም ሻምፒዮን ሆኑ። በቀጣዩ ዓመት ቤጂንግ ላይ ፍጻሜ ደረሱ፤ ተቃዋሚዎቻቸው ባለአገሮቹ ካይ ዩንና ፉ ሃይፌንግ ነበሩ። የመጀመሪያው ጌም 12 ለ21 አለቀ። አዳራሹ በሙሉ ለቻይና ይጮኻል። ሁለተኛውን 21 ለ11፣ ሦስተኛውን 21 ለ16 ወሰዱ። ካይና ፉ ኦሊምፒኩን ለማሸነፍ ከዚያ በኋላ አራት ዓመት፣ እስከ ለንደን ድረስ መጠበቅ ነበረባቸው።

ታዲያ ለምን ተለያዩ?

የጥንድ መለያየት ሁልጊዜ በጠብ አይደለም። ሁለቱ ከቤጂንጉ ድል ከጥቂት ጊዜ በኋላ ብሔራዊ ማሠልጠኛውን ለቀው ራሳቸውን ችለው መጫወት ጀመሩ። በ2010 የእስያ ጨዋታዎች ወርቅ ያገኙትም በዚህ ሁኔታ ነው። ከዚያ በኋላ ግን ውጤቱ እየቀነሰ ሄደ፤ ለንደን 2012 ላይ ወርቃቸውን ለመከላከል እንኳ አልበቁም።

ከዚህ ቀጥሎ ያለው ቤተሰባዊ ነው። ለንደን ላይ ለኢንዶኔዥያ የተጫወቱት አህሳንና ቦና ሴፕታኖ ነበሩ። ቦና የኪዶ ታናሽ ወንድም ነው። ከኦሊምፒኩ በኋላ በ2012 መጨረሻ ሄንድራ ወደ ማሠልጠኛው ተመልሶ ከአህሳን ጋር ተጣመረ። በአንድ ውሳኔ ኪዶ ተጣማሪውን አጣ፤ ወንድሙም እንዲሁ። ኪዶ በበኩሉ ማርከስ ጊዲዮን ከተባለ ወጣት ጋር ተጣምሮ የ2013ን የፈረንሳይ ኦፕን አሸነፈ። ይህ ወጣት በኋላ ምን እንደሆነ ከታች እንደርስበታለን።

ኪዶ ጁን 14 ቀን 2021 በታንገራንግ ከተማ ባድሚንተን እየተጫወተ ሳለ ወድቆ አረፈ። 36 ዓመቱ ነበር።

ጥንዶችን የሚያጣምረው ማን ነው? ተጫዋቹ ራሱ መምረጥ አይችልም?

ብሔራዊ ማሠልጠኛ ውስጥ ካለ የመጨረሻው ቃል የአሠልጣኙ ነው። ራሱን ችሎ የሚጫወት ግን ይመርጣል፤ ወጪውንም ይችላል።

ከባዱ ነገር ደረጃው ነው። የዓለም ደረጃ የሚሰጠው ለሰው ሳይሆን ለጥንድ ነው። ባለፉት 52 ሳምንታት ጥንዱ ከተሳተፈባቸው ውድድሮች ምርጥ ዐሥሩ ይደመራሉ። ተጣማሪ የለወጠ ሰው፣ የኦሊምፒክ ሻምፒዮንም ቢሆን፣ ከአዲሱ ሰው ጋር ከታች ይጀምራል። ከጥማዱ አንዱ በሬ ሲቀየር የቀረውም መሬቱን እንደ አዲስ መልመድ አለበት። ለዚህ ነው የማይስማሙ ጥንዶች ኦሊምፒክ እስኪያልፍ ተቻችለው የሚቆዩት፤ የኦሊምፒክ ማግስት ደግሞ የፍቺ ወቅት የሚመስለው።

ከአህሳን ጋር ያለው ጊዜ ለምን የተለየ ሆነ?

ሞሐመድ አህሳን በ1987 ፓሌምባንግ ተወለደ፤ ከሄንድራ በሦስት ዓመት ያንሳል። ከኋላ የሚመታው ምት ከባድ ነው፤ መሐል ሜዳ ላይም እንደ ኪዶ ሳይሆን መሸፈን የሚችል፣ ቦታ የሚለዋወጥ ሰው ነው። ሄንድራ ስለዚህ ከፊት ተቸንክሮ መቅረት አላስፈለገውም።

ከተጣመሩ ዓመት ሳይሞላቸው በ2013 ጓንግዡ ላይ ዴንማርካውያኑን ማቲያስ ቦኤንና ካርስተን ሞገንሰንን 21 ለ13 እና 23 ለ21 አሸንፈው የዓለም ዋንጫውን ወሰዱ። በ2014 ኦል ኢንግላንድን አሸነፉ። በዚያው ዓመት ኢንቾን በተካሄደው የእስያ ጨዋታዎች ፍጻሜ ኮሪያውያኑን ሊ ዮንግ ዴንና ዩ ዮን ሶንግን በገዛ አገራቸው በሦስት ጌም ረቱ። በ2015 ደግሞ የዓለም ሻምፒዮናው ወደ ጃካርታ መጣ። የኢስቶራ አዳራሽ ሕዝብ የሚጮኸው በዜማ ነው፤ ‹ኢን-ዶ-ኔ-ዥያ› ይልና ጭብጨባ ያስከትላል። በዚያ ጩኸት መሐል ቻይናውያኑን 21 ለ17 እና 21 ለ14 አሸነፉ። ዓመቱን የዘጉት ዱባይ ላይ የምርጥ ጥንዶችን የማጠቃለያ ውድድር በማሸነፍ ነው።

እንግዲህ ወደ ሪዮ 2016 የሄዱት ወርቁን ይዘው ይመጣሉ ተብለው ነበር። ከምድብ አላለፉም።

ከሪዮ በኋላ ምን ሆነ?

ተለያዩ። አህሳን ሪያን አጉንግ ሳፑትሮ ከተባለ ተጫዋች ጋር ሆኖ በ2017 የግላስጎው የዓለም ሻምፒዮና ብር አገኘ። ሄንድራ ደግሞ ማሠልጠኛውን ለቆ ከአገሩ ውጭ ተጣማሪ ፈለገ፤ ማሌዥያዊውን ታን ቡን ሄዮንግን አገኘ።

ታን በ2013 በተደረገ የራኬት ሙከራ ኳሱን በሰዓት 493 ኪሎ ሜትር የመታ ሰው ነው፤ በዘመኑ ክብረ ወሰን ነበር። በወረቀት ላይ ሲታይ የዓለማችን ምርጥ እጅ ከዓለማችን ብርቱ ምት ጋር ተገናኘ። በ2017 የአውስትራሊያ ኦፕን ፍጻሜ ደርሰው በጃፓናውያን ተሸነፉ፤ ከዚያ የዘለቀ ውጤት አልመጣም። ሁለቱ የሚኖሩት በተለያየ አገር ነው፤ ሄንድራ ሠላሳውን ዘልቋል፤ ታንም ወደዚያው ተቃርቧል። በባድሚንተን የምት ፍጥነት ለወሬ ይጥማል እንጂ ዋንጫ ላይ ያለው ድርሻ ከሚታሰበው ያነሰ ነው።

በ2018 ሄንድራና አህሳን እንደገና ተገናኙ። ሁለቱም አባት ሆነዋልና ደጋፊዎች ‹አባቶቹ› የሚል የፍቅር ስም አወጡላቸው። ብዙ ሳይቆይ በራሳቸው ወጪና ስፖንሰር የሚወዳደሩ ነገር ግን ቺፓዩንግ ከወጣቶቹ ጋር የሚለማመዱ ሆኑ።

በ35 ዓመት የዓለም ሻምፒዮን መሆን እንዴት ይቻላል?

2019 የእነሱ ዓመት ነበር። ማርች ላይ ኦል ኢንግላንድ፣ በርሚንግሃም። ሄንድራ ግማሽ ፍጻሜው ላይ ባቱ ተጎዳ። ፍጻሜው ላይ ከማሌዥያውያኑ አሮን ቺያና ሶ ዉይ ዪክ ጋር ገብተው የመጀመሪያውን ጌም 11 ለ21 ሲሸነፉ ነገሩ ያለቀ መሰለ። ሁለተኛውን 21 ለ14፣ ሦስተኛውን 21 ለ12 አሸነፉ። መሮጥ ያልቻለው ሄንድራ ኳሱ ወደማያስሮጠው ቦታ እንዲመጣ አደረገ፤ የቀረውን አህሳን ሮጠለት።

ኦገስት ላይ ባዝል፣ ስዊዘርላንድ። የፍጻሜው ቀን ኦገስት 25 ነበር፤ ሄንድራ 35 ዓመት የሞላበት ዕለት። ተቃዋሚዎቹ ጃፓናውያኑ ታኩሮ ሆኪና ዩጎ ኮባያሺ፣ እግራቸውም ትንፋሻቸውም ትኩስ። የመጀመሪያው ጌም 25 ለ23 ለአባቶቹ። ሁለተኛው 9 ለ21፤ ይህን ጌም ላየ ሰው ሆን ብለው ትንፋሽ የቆጠቡ ይመስላል፣ እኔም እንደዚያ ነው የማምነው። ሦስተኛው 21 ለ15።

ምስጢሩ ሦስት ነገር ላይ ያለ ይመስለኛል። የፊት ተጫዋች እንደ ኋላው ደጋግሞ ዘልሎ ጉልበቱ ላይ አያርፍም። ሁለተኛ፣ ጥንድ ሜዳውን ይካፈላል። ሦስተኛው ግን ከአካል ጋር አይገናኝም፤ ሃያ ዓመት አንድ ዓይነት ኳስ ያየ ሰው ኳሱ ከራኬቱ ሳይለቅ ወዴት እንደሚመጣ ያውቃል፤ ቀድሞ ስለሚደርስ የፈጠነ ይመስላል። ይህም ቢሆን ለዘላለም አይሠራም። በ2022 ቶኪዮ ላይ፣ 38 ዓመት በሞላው በሦስተኛው ቀን፣ ከእነዚያው ከቺያና ሶ ጋር በተደረገ ፍጻሜ የዓለም ሻምፒዮና ፍጻሜ ለመጀመሪያ ጊዜ ተሸነፈ። ከዚያ በፊት አራት ጊዜ ደርሶ አራቱንም አሸንፎ ነበር።

ከወጣቶቹ ከኢንዶኔዥያውያኑ ጋርስ?

ከላይ ያነሣነው ማርከስ ጊዲዮን ከኬቪን ሳንጃያ ጋር ተጣምሮ የዘመኑ ፈጣን ጥንድ ሆነ። በ2019 ብቻ በኢንዶኔዥያ፣ በጃፓንና በቻይና ኦፕን ፍጻሜዎች አባቶቹን አሸነፉ። ይሁንና ጊዲዮንና ሳንጃያ በዓለም ሻምፒዮና ሜዳሊያ ሳያገኙ ቀሩ። ይህ ለእኔ እስከ ዛሬ የማይገባኝ ነገር ነው፤ በሳምንት ውድድር የማይበገሩ ሰዎች ያ መድረክ ላይ ሲደርሱ እጃቸው ይታሰር ነበር።

ቶኪዮ 2020 (በ2021 የተካሄደው) ላይ አንድ አገር ሁለት ጥንድ መላክ የሚችለው ሁለቱም ከዓለም ስምንት ውስጥ ከሆኑ ነው፤ ኢንዶኔዥያ እነዚህን ሁለቱን ላከች። አባቶቹ ለነሐሱ ተጫውተው ተሸነፉ፤ አራተኛ ወጡ።

ገቢው ምን ያህል ነው?

ሰው ከሚገምተው ያነሰ። የሽልማት ገንዘቡ አንድ ሚሊዮን ዶላር በሆነ ትልቅ ውድድር የነጠላ አሸናፊ 70,000 ዶላር ይወስዳል። አሸናፊው ጥንድ 74,000፤ ለሁለት ሲካፈል ለእያንዳንዱ 37,000። ከዚህ ላይ ግብር፣ ለራሱ በሚጫወት ደግሞ የአሠልጣኝ፣ የአውሮፕላንና የሆቴል ወጪ ይነሣል። በመጀመሪያው ዙር የተሸነፈ ጥንድ ብዙ ጊዜ ከኪሱ ጨምሮ ይመለሳል።

የሚያስገርመው፣ የዓለም ሻምፒዮናው የገንዘብ ሽልማት አልነበረውም። ሄንድራ አራቱን ዋንጫዎች ሲያነሣ አዘጋጁ የሸለመው ሜዳሊያ ነው። የኦሊምፒክ ኮሚቴም እንዲሁ ገንዘብ አይሰጥም። እውነተኛው ገቢ ከራኬትና ጫማ አምራቾች ውል፣ ከክለቡ፣ ኦሊምፒክ ላሸነፈም ከመንግሥት ጉርሻ ይመጣል። ውል ደግሞ ለስም ይሰጣል፤ ስም ብዙ ጊዜ ለነጠላ ተጫዋች ነው።

ተጫዋቾች ሆን ብለው ተሸነፉ የተባለው ታሪክ እውነት ነው?

እውነት ነው፤ በጥንድ ጨዋታ ነው የደረሰው። ለንደን 2012 ላይ አራት የሴቶች ጥንዶች፣ አንድ ከቻይና፣ ሁለት ከደቡብ ኮሪያ፣ አንድ ከኢንዶኔዥያ፣ በምድብ ጨዋታ መሸነፍ ፈልገው ሰርቫቸውን መረብ ውስጥ ሲጨምሩ ሕዝቡ በጩኸት ተቃወመ። ቀጥሎ የሚገጥሟቸውን መምረጥ ፈልገው ነበር። ስምንቱም ከውድድሩ ተባረሩ። ከዚያ ወዲህ የጥንዶች ድልድል የሚወጣው ምድቡ ካለቀ በኋላ ነው።

ከተባረሩት አንዷ ኢንዶኔዥያዊቷ ግሬሲያ ፖሊ ነበረች። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ በቶኪዮው ፍጻሜ ከአፕሪያኒ ራሃዩ ጋር ስትጫወት ኳሱ እየተመላለሰ ሳለ የራኬቷ ክር ተበጠሰ። ሮጣ ከሜዳው ዳር ሌላ ራኬት አንሥታ ወደ ቦታዋ ተመለሰች፤ ኳሱ ገና አልወደቀም። 21 ለ19፣ 21 ለ15 አሸነፉ። ለአገሯ በሴቶች ጥንድ የመጀመሪያው ወርቅ ነው።

አሜሪካ የዓለም ሻምፒዮን የሆነችበት ጊዜ አለ የሚባለውስ?

አዎ፣ በ2005፣ ካሊፎርኒያ፣ አናሃይም ከተማ። የ2000ው የኦሊምፒክ ባለወርቅ ቶኒ ጉናዋን ወደ አሜሪካ ሄዶ ከሃዋርድ ባክ ጋር ተጣመረ። ፍጻሜው ላይ ከመረቡ ማዶ የቆመው ሲድኒ ላይ አብሮት ወርቅ ያገኘው ቻንድራ ዊጃያ ነበር። ጉናዋንና ባክ አሸነፉ። ለአሜሪካ በባድሚንተን የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮንነት ነው። ልጆቻቸውን ካሊፎርኒያ ውስጥ የሚያሳድጉ ወገኖቻችን ትምህርት ቤት ውስጥ ባድሚንተን በብዛት ሲያዩ የሚደነቁ ከሆነ፣ በዚያ ግዛት ጨዋታው ሥር አለው።

አዲስ አበባ ላይ ኳሱ ይፈጥናል ይባላል፤ ልክ ነው?

ልክ ነው። የላባው ኳስ 16 ላባ አለው፤ ክብደቱ ከ4.74 እስከ 5.50 ግራም ነው። የሚያዘገየው አየሩ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሯ የሳሳ ነው፤ ጃካርታ ላይ መስመር ውስጥ የሚያርፈው ኳስ እዚህ ከመስመር ያልፋል። ኳሶች በማሸጊያቸው ላይ ብዙ ጊዜ ከ75 እስከ 79 የሚደርስ የፍጥነት ቁጥር አላቸው፤ ለደጋ አገር የሚመረጠው ዝቅተኛው ነው። ልኩን ለማወቅ ከኋላ መስመር ቆመው ከታች ወደ ላይ በሙሉ ኃይል ይምቱት፤ ከማዶው የኋላ መስመር ከ53 እስከ 99 ሳንቲ ሜትር ቀድሞ ካረፈ ትክክለኛ ነው። ከራቀ ብዙ ተጫዋቾች የጥቂት ላባዎችን ጫፍ በጣታቸው ወደ ውጭ አጠፍ ያደርጋሉ፤ አየሩ የበለጠ ይይዘዋል። በይፋ ውድድር ግን በራስ ፈቃድ አይደረግም።

ሄንድራ በቡድን ውድድር ድል አለው?

አለው። በ2021 ኦርሁስ፣ ዴንማርክ ላይ የተካሄደውን ቶማስ ካፕ፣ የወንዶች ብሔራዊ ቡድኖች የዓለም ዋንጫን፣ የኢንዶኔዥያ አምበል ሆኖ አነሣ፤ ለአገሪቱ ከ2002 ወዲህ የመጀመሪያው ነበር። ፍጻሜው 3 ለ0 ስላለቀ እሱ ራሱ መጫወት አላስፈለገውም። በዚያን ጊዜ ኢንዶኔዥያ በአበረታች ንጥረ ነገር ቁጥጥር ጉዳይ ቅጣት ላይ ስለነበረች በሽልማቱ ላይ የተሰቀለው የአገሪቱ ባንዲራ ሳይሆን የፌዴሬሽኑ ነው። ፎቶው ላይ ያሉት ተጫዋቾች ፈገግታ ግን ሙሉ ነው።

እንዴት ተሰናበተ? ከዚያስ?

የመጨረሻው ትልቅ ፍጻሜያቸው የ2023ቱ ኦል ኢንግላንድ ነው። በአገራቸው ልጆች በፋጃር አልፊያንና ሪያን አርዲያንቶ ሲሸነፉ አህሳን ማብቂያው ላይ ጉልበቱን ተጎዳ፤ ግጥሚያውን ከማቋረጥ እያነከሰ መጨረስን መረጠ። ለፓሪስ 2024 አልበቁም። በጃንዋሪ 2025 ኢስቶራ ውስጥ በኢንዶኔዥያ ማስተርስ ሁለቱም አብረው ተሰናበቱ።

ሄንድራ ከመሰናበቱም በፊት ሳባር ጉታማና ሬዛ ኢስፋሃኒ የተባሉ፣ ከብሔራዊ ማሠልጠኛው ውጭ ራሳቸውን ችለው የሚጫወቱ ጥንዶችን ማሠልጠን ጀምሮ ነበር። ያንን ኑሮ ከእሱ በላይ የሚያውቀው የለም።

አንድም ግጥሚያውን አላየሁም፤ ከየትኛው ልጀምር?

የዓለም ባድሚንተን ፌዴሬሽን የዩቲዩብ ገጽ ላይ የ2019ን የባዝል ፍጻሜ ይፈልጉ። የመጀመሪያውን ጌም ብቻ ቢያዩ ይበቃል። ኳሱን አይከተሉት፤ ሄንድራን ብቻ ይመልከቱ። አህሳን ከኋላ ሲመታ ሄንድራ ዞሮ አያየውም፤ ራኬቱን በደረቱ ልክ አንሥቶ የጃፓናውያኑን እጅ ብቻ ያያል። በሁለተኛው እይታ አህሳንን ይከተሉ።